የጥር ሰርግ በጅማ፣ ከነልጄ

ጥር ለሰርግ ዘፋኝ የእንጀራ ወር ነው። የገና ጾም አልቋል፣ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም፤ በመሃል ያለችውን ጊዜ ሙሽሮች ይሻሙባታል። ጅማ ላይ ሌላም ምክንያት አለ። የቡና ለቀማው በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚካሄድ ጥር ሲደርስ ገበሬውም ነጋዴውም እጁ ላይ ብር ይኖረዋል፤ ዳሱ ይሰፋል፣ ባንድም ከአዲስ አበባ ይጠራል። የባንዳችን መሪ "ጅማ ሥራ አለ፣ ቀብድ ይዣለሁ" ብሎ ሲደውልልኝ ልጄ ሰባተኛ ወሯን ጀምራ ነበር። "እመጣለሁ፣ ግን ከልጄና ከአክስቴ ጋር ነው" አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "እሺ፣ ሚኒባሱ ይበቃናል" አለኝ።

መልሱ መንገዱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጄን የምትይዝልኝ አክስቴ ወንበር አላት፣ ክፍያ ግን የላትም ማለት ነበርና።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይነጋ ወጣን። ቱሉ ቦሎን ተኝተን አለፍናት፣ ወሊሶ ቁርስ በላን፣ ወልቂጤ ላይ የልጄን ዳይፐር ቀየርኩ። ከወልቂጤ ወዲያ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ደጋ የለመደ ሰው እዚያ ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል፤ ሕፃን ደግሞ ጆሮዋ ይደፈንና ትነጫነጫለች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጡት ሰጠኋት፤ መዋጡ ጆሮን ይከፍታል። ድልድዩን ተሻግረን አቀበቱን ስንያያዘው እንቅልፍ ወስዷታል። ሳክስፎን ተጫዋቻችን ማንም ሳይነግረው ቴፑን ዘጋ። እግዜር ይስጠው።

አክስቴ በመሥሪያ ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ኖራ ጡረታ የወጣች ናት፤ ልጆቿንም የወለደችው ሥራ ላይ እያለች ነው። ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይፈቅድላታል። የእኔ ሙያ ግን በስልክና በቀብድ ነው የሚሠራው። ቀጣሪዬ የዚህ ቅዳሜ ሙሽራ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ነው። አራስ ቤት ተኝቼ ለእኔ የመጡት ሥራዎች ለሌላ ዘፋኝ ሲሰጡ ሰምቻለሁ። በማንም አልፈርድም፣ ሙሽራ ቀን ቆርጧል። ድምፅም ቢሆን ይመለሳል። ከወሊድ በኋላ የሆድ ጡንቻ ይላላል፤ ትንፋሽን የሚደግፈው እሱ ስለሆነ ረጅም ስንኝ መሃሉ ላይ ይቆረጥብሻል፤ በተለይ ትዝታ ስትዘፍኚ። ኪዩን፣ ማለት የዜማውን የድምፅ ከፍታ፣ ዝቅ አድርጎ፣ በየቀኑ እየተለማመዱ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። ከወለዱ በኋላ ከመድረክ የቀሩ ጓደኞቼ ድምፃቸው ጠፍቶ አልነበረም የቀሩት። ልጃቸውን የሚይዝላቸው ሰው አጥተው ነው።

አሰንዳቦንና ሰርቦን አልፈን ጅማ ስንገባ ፀሐይዋ በርትታለች። ሰርጉ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። የሙሽራዋ እናት በር ላይ ተቀበሉን። ኪቦርዱንም ስፒከሩንም አላዩም፤ ልጄን ነው ያዩት። "ነይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ አንቺ ጠጪ" ብለው ትኩስ አጥሚት በትልቅ ኩባያ ሰጡኝ። ከዳሱ ራቅ ያለ፣ ድምፅ የማይረብሸው የጓዳ ክፍልም ለአክስቴ አስለቀቁላት። ብዙ ሰርግ ላይ ልጄን ይዛ የምትቀመጥበት ቦታ አጥታ መኪና ውስጥ ስታድር አይቻለሁና፣ እኚህን እናት አልረሳቸውም።

ሥራው እንዲህ ነው የሚካሄደው። የሀበሻ ቀሚሴን ሽሮ ሜዳ ሳሰፋ ከጥልፉ ሥር የማይታይ ዚፕ ከፊት እንዲገባልኝ አድርጌያለሁ፤ ለማጥባት ሙሉ ቀሚስ ማውለቅ አይቻልማ። መድረክ ላይ ስሆን አክስቴን በዳሱ በር በኩል አያታለሁ። ነጠላዋን አጣፍታ ከቆመች ልጄ ተኝታለች፤ ነጠላዋን ቀኝ ትከሻዋ ላይ ከጣለችው ርቧታል። ምልክቱን የባንዱ መሪም ያውቀዋል። ነጠላዋን ሲያይ ለሳክስፎኑ ይጠቅሰዋል፣ በመሣሪያ ብቻ ይገባሉ፣ እኔ ማይኬን አስቀምጬ እወጣለሁ። ለእንግዳው የታሰበበት ፕሮግራም ነው የሚመስለው።

ያን ምሽት ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ኬክ ሲቆረስ፣ ከዚያም ጭፈራው ሲደራ እንዲሁ እየወጣሁ እየገባሁ ሠራሁ። ጅማ ላይ ኦሮምኛ ሳይዘፈን ሰርግ ሰርግ አይሆንም፤ የከበሮው ልጅ የዚሁ አካባቢ ተወላጅ ስለሆነ ግጥሙን መንገድ ላይ አስጠንቶኝ ነበር። የመጀመሪያውን ስንኝ ስጀምር የሙሽራው አጎቶች በሙሉ ተነሱ። ሽልማቱ ግንባሬ ላይ ይለጠፍ ጀመር። በዚያው መሃል ከጓዳ በኩል የልጄ ልቅሶ በጥቂቱ ተሰማኝ፤ ለሌላ ሰው አይሰማም፣ የእኔ ጡት ግን ሰማ፣ ወተቱ ፈሰሰ። ቀና ስል ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ናት።

ጓዳ ስገባ የሙሽራዋ እናት ቀድመውኛል። ከመቀነታቸው ብር አውጥተው አክስቴ ግንባር ላይ ለጠፉላትና "አንቺም እኮ ስትሠሪ ነው ያመሸሽው" አሏት። አክስቴ አፍራ ሳቀች። እኔ ግን ቆም ብዬ አሰብኩበት። የዚያን ሌሊት መቼ እንደምዘፍን፣ መቼ እንደማርፍ የወሰነችው እሷ ነበረች።

ሆቴል ተመልሰን የባንዱ መሪ ክፍያውንና ሽልማቱን አልጋ ላይ ዘርግቶ ለአምስት ይከፍል ጀመር።

"ጋሼ፣ የአክስቴስ?" አልኩት።

"እሷማ ቤተሰብ ናት።"

"ጊታሩ ቢቀር ኪቦርድ ይሸፍነዋል። አክስቴ ብትቀር ግን እኔ የለሁም። እኔ ከሌለሁ ደግሞ ይኼ ብር የለም።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። የከበሮው ልጅ "እውነቷን ነው" ሲል ሳክስፎኑም ራሱን ነቀነቀ። ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ የግማሽ ድርሻ ተሰጣት። ግማሽ አይበቃም ብዬ አምናለሁ፣ ለመሪያችንም ነግሬዋለሁ። የልጅ ያዢ ክፍያ እንደ ሾፌርና እንደ ሳውንድ ሲስተም ኪራይ ዋጋ ስንነጋገር አብሮ መነሳት አለበት እንጂ ከእናትየው ኪስ ወይም ከአክስት ደግነት መውጣት የለበትም።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ በራሷ ገንዘብ ባጃጅ ይዛ ጅሬን ወሰደችኝ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው፤ የእንጨት ሥራው፣ ዙሪያውን ያለው በረንዳ፣ ከላይ የሚታየው ሜዳ ልብ ያሳርፋል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ገና በወጣትነታቸው ነው የነገሡት። ከኋላቸው የነበሩት እናታቸው ጉሚቲ ናቸው። ልጃቸው ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት መገበር እንዲመርጡ የመከሩት እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል፤ ጅማም በዚያ ውሳኔ የውስጥ አስተዳደሯን ለብዙ ዓመታት ይዛ ቆየች። አክስቴ ልጄን በአንቀልባ አዝላ ደረጃውን እየወጣች ይህን ስነግራት "ታዲያ ስማቸው ለምን በር ላይ አልተጻፈም?" አለችኝ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ወሊሶ ሳንደርስ ስልኬ ጠራ። ሰርጉ ላይ የነበሩ አንድ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ አጋሮ፣ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ አልፎ፣ ከፋሲካ በኋላ የልጃቸው ሰርግ አለ። ስንት ሰው እንደምንመጣ ጠየቁኝ። መሪያችን ከፊት ወንበር ዞሮ እያየኝ ነበር። "ስድስት ነን" አልኳቸው፤ "ከሕፃን ጋር። ከዳሱ ራቅ ያለ ክፍልና ፍል ውኃ ያስፈልገናል፣ ክፍያውም ለስድስት ሰው ነው።" ሰውየው ዋጋውን ትንሽ ተከራከሩ፤ ስለ ክፍሉ ግን ወዲያው እሺ አሉ።