ቲል ኦይለንሽፒገል በኦርኬስትራ

ዛሬ ከሥራ መልስ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሪቻርድ ሽትራውስን «ቲል ኦይለንሽፒገል» የተባለ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ደጋግሜ ስሰማ አመሸሁ።

ቲል በመካከለኛው ዘመን ሰሜን ጀርመን ተረቱ ሲወራለት የኖረ ተንኮለኛ ቀልደኛ ነው። የታዘዘውን ቃል በቃል እየፈጸመ አሠሪዎቹን ያሳብዳል። ታሪኮቹ በ1500ዎቹ መጀመሪያ ስትራስቡርግ ውስጥ ታተሙ። ሽትራውስ ደግሞ በ1895፣ የሮማንቲክ ሙዚቃ ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ በኦርኬስትራ ተረከው። ርዝመቱ 15 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ግን ስንቱን ይዟል!

ቫዮሊኖቹ «ከዕለታት አንድ ቀን» እንደሚል ተራኪ ቀስ ብለው ይገባሉ። ከዚያ ሆርኑ (ተጠቅልሎ የተሠራው የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ) ብቻውን ይነሳል፣ ወደ ላይ ይዘላል፣ ከዚያ እስከ ታች ይወርዳል። ቲል መጣ!

አንጀቴን የበላኝ ቲል ተይዞ የሚፈረድበት ቦታ ነው። ከበሮው ይንጎዳጎዳል፣ ትሮምቦኖቹ ይቆጣሉ። ትንሿ ክላርኔት መጀመሪያ ታሾፋለች፣ ኋላ ግን ጩኸቷን ታቀልጠዋለች። ሁለት ከባድ ድምፅ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ተሰቀለ። ፍሉቱ ሲንቀጠቀጥ ትንፋሹ ስትወጣ ትሰማላችሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ሆዴ ባባ።

በድሮው መጽሐፍ ግን ቲል አይሰቀልም። ሉቤክ በምትባል ከተማ ሞት ቢፈረድበትም በብልጠቱ ያመልጣል። የሚሞተው ታሞ፣ ሞልን በምትባል ከተማ ነው። ሲቀብሩትም የሬሳ ሳጥኑ ገመድ በእግሩ በኩል ተበጠሰና ቆሞ ቀረ። ቀባሪዎቹም ሲኖር እንግዳ ነበር፣ ሲሞትም እንግዳ ይሁን ብለው እንደቆመ አፈር አለበሱት። እኔ ይሄኛው አሟሟት ይበልጥብኛል።

ሽትራውስም ሞቶ እንዲቀር አልፈለገም መሰለኝ። መጨረሻ ላይ ኦርኬስትራው በሙሉ የቲልን ዜማ ይዞ ይፈነዳል። ማታ ጊዜ ካላችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ ድምፁን ከፍ አድርጉት።