አንድ እስር ብር ጎደለ

የቴለሯ ሒሳብ ማታ ሲዘጋ 20,000 ብር ጎደለ። ባለ 200 ብር ኖት መቶ ቅጠል፣ ልክ አንድ እስር ማለት ነው። ባንክ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ጉድለቱ እንዲህ ድፍን ሲሆን የቆጠራ ስህተት ሳይሆን ተርፎ የተሰጠ እስር ነው የሚጠረጠረው።

ለኦዲት ተልኬ በማግሥቱ ጠዋት ስደርስ ማኔጀሩ ምርመራውን ከጀመረ ቆይቷል። እሱ ራሱ እንደነገረኝ ማታውኑ «ያ ቀይ ጃኬት የለበሰው፣ እየተጣደፈ የወጣው ልጅ አይደል?» ብሎ ጠይቋታል። እሷም «እንጃ ጋሼ፣ ከሰዓት ብዙ ብር ያወጡ ሰዎች ነበሩ» ብላ ነበር። ቀጥሎ ዋና ካሸሩ ስለዚያው ልጅ ጠየቃት፣ ከዚያ የጥበቃ ኃላፊው። እኔ ጋ ስትደርስ ታሪኩ ሙሉ ሆኗል፦ ልጁ ዓይኑን ሰበር አድርጓል፣ እስሩን ሳይቆጥር ቦርሳው ውስጥ ከቷል። «ሌላስ ማን አወጣ?» ስላት ግን አንድም ሰው አልመጣላትም።

ካሜራው ሲታይ ልጁ መስኮቱ ፊት ቆሞ ብሩን ቅጠል በቅጠል ይቆጥራል። ትርፉ እስር የሄደው ነጠላ ለለበሱ አንዲት እናት ነው፤ ሦስት ሊሰጣቸው ሲገባ አራት። ሲደወልላቸው ገንዘቡን ገና አልፈቱትም ነበር፤ መለሱ።

ዋሽታለች ያሉ ነበሩ። አልዋሸችም። እ.ኤ.አ. በ1974 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የመኪና ግጭት ፊልም ላሳዩአቸው ሰዎች ጥያቄውን ጠንከር ባለ ቃል ሲያቀርቡ፣ ከሳምንት በኋላ ያልነበረ የተሰባበረ መስታወት «አየን» ያሉት በዙ። ቀይ ጃኬቱም በዚሁ መንገድ የገባ ይመስለኛል። እናትዮዋ ከቴለሯ ትዝታ መጥፋታቸው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ማይክል አንደርሰን፣ ሮበርት ብዮርክና ኤልዛቤት ብዮርክ እንዳሳዩት፣ ከአንድ ምድብ ውስጥ ጥቂቱን ደጋግሞ ማስታወስ ያንን ሲያጠነክር የቀሩትን የምድቡን አባላት ያደክማል፤ ጭራሽ ካልተነካ ምድብ ይልቅ እነሱ ይረሳሉ። ልጁ በተጠራ ቁጥር ከጎኑ ተሰልፈው የነበሩት ደንበኞች ደበዘዙ።

አሁን ጉድለት ሲመጣ ቴለሩ ማንም ሳያናግረው ለብቻው ተቀምጦ የቀኑን ክፍያ እንደመጣለት ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄ፤ እሱም «ከዚያስ?» ብቻ። ማኔጀሩ «ጊዜ ይፈጃል» እያለ እስከ ዛሬ ያጉረመርማል። ይፍጅ።