ጣቶቼ ቀደሙ

ትናንት ማታ መብራቱን አጥፍቼ አዳዲስ የድራም ኤንድ ቤዝ ሥራዎችን አዳመጥኩ፤ በፈጣን ከበሮና በወፍራም ቤዝ የሚሠራው የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ነው። ጣቶቼ እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ። አራተኛው ሙዚቃ ላይ ግን ደነገጥኩ፤ ጣቶቼ ከድምፁ ቀድመው ይመቱ ነበር። ትልቁ ከበሮ፣ ስኔር የተባለው ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ፣ ዘግየት ብሎ ትልቁ ከበሮ፣ እንደገና ስኔር። አምስተኛውም ስድስተኛውም ያው ነው፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 174 ምት ገደማ፣ ቤዙ የሚፈነዳውም እዚያው በጠበቅኩት ቦታ። አንዱ አልቆ ሌላው መጀመሩን የነገረኝ ጆሮዬ ሳይሆን ስልኬ ላይ የተለወጠው ርዕስ ነው።

አዘንኩ። ይህን ሙዚቃ የወደድኩት ምቱ ስለሚያመልጠኝ ነበርና።

ዊንስተንስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ባወጣው «አሜን ብራዘር» ውስጥ ግሪጎሪ ኮልማን ብቻውን ከበሮ የሚመታበት ሰባት ሰከንድ ያህል አለ። አራት ባር፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አራት ምት የሚቆጠርባቸው አራት ክፍሎች ብቻ! በ1990ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ወጣቶች ያንን ቁራጭ ድምፅ ቀድቶ የሚያጫውት ሳምፕለር የተባለ መሣሪያ ውስጥ ከተው አፈጠኑት፣ ከተፉት፣ ምቱን ከቦታው እየነቀሉ ሌላ ቦታ ተከሉት፤ የድራም ኤንድ ቤዝ ቀዳሚ የሆነው ጃንግል የተሠራው እንዲህ ነው። (ኮልማን ከዚህ ሁሉ ምንም ክፍያ ሳያገኝ በ2006 አረፈ፤ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።) የኮልማን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባሮች ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ሦስተኛው ላይ አንድ የስኔር ምት ይዘገያል፤ አራተኛው ሲጀምር ደግሞ ምት የሚጠበቅበት ቦታ ባዶ ነው። በዋናዎቹ ምቶች መካከል ዱላው በስሱ ነካ አድርጎ ያለፋቸው ድምፆች አሉ፤ አንዱ ከሌላው እኩል አይደለም። የቱንም ያህል ቢከተፍ የሰው እጅ ይሰማበታል።

የዛሬዎቹ ሥራዎች በድምፅ ጥራት ከድሮዎቹ እንደሚበልጡ አልክድም። ጣቶቼ የቀደሙት ያ ቀለል ያለ ምት ለቤዙ ቦታ ይለቃል፣ ዲጄውም አንዱን ከሌላው ለማያያዝ አይቸገርም። ያ ምት ራሱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲመጣ አዲስ ነገር ነበር፤ ከተጨናነቀው የጃንግል ከበሮ በኋላ እፎይታ ሰጥቷል። አሁን ግን ከተዘጋጀ የድምፅ ጥቅል ይመረጣል፣ በኮምፒውተሩ መስመር ላይ እኩል ይደረደራል፣ እስከ መጨረሻው ይደጋገማል። ያን ያህል መሣሪያ በእጃቸው እያለ ከበሮውን የሚነካው ለምን ጠፋ?

ዛሬ ጠዋት ወደ ኮልማን ተመለስኩ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። አራተኛው ባር ላይ ጣቴ ጠረጴዛውን መታ፤ ከበሮው ግን እዚያ አልነበረም።