ጅማ፣ ጥላ የጠፋበት ቀትር

ጅማ የገባሁት መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ረመዳንና ዐቢይ ጾም የተገጣጠሙበት ዓመት ነበር። ጓደኛዬ ውሃ እንኳ አይቀምስም። እኔ ደግሞ ፍስክ አልነካም። ስለዚህ መንገድ ላይ ስለ ምግብ የሚባል ነገር አላነሳንም።

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁል ተጠማዘዝን። ሙቀቱ ገደለን። ድልድዩን ተሻግረን እንደገና ሽቅብ። ሰኮሩ ስንደርስ አየሩ ተቀየረ። ከዚያ በኋላ ያለው አረንጓዴ ነው፣ ብዙ አላወራበትም።

ማታ ጓደኛዬ ቤት ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ተምሩ ቀርቧል። ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው። 12 ሰዓት ከ35 ግድም ላይ ከቴሌቪዥኑ አዛን ተሰማ። የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ተምር አንስቶ አፉ ጋ አደረሰ።

«ተው! የአዲስ አበባ ነው!» አሉ ማዘር። የልጁ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«የእኛ ፀሐይ ገና ናት» አሉኝ ወደኔ ዞረው፣ ግራ መጋባቴን አይተው።

ጠበቅን። ሰባት ደቂቃ ተምር ለያዘ ልጅ ምን ያህል እንደሚረዝም ያን ዕለት አየሁ። በመጨረሻ የሰፈሩ መስጊድ አዛን አለ፣ ልጁም ተምሯን ሳያኝክ ዋጣት።

ኬንትሮስ የሚባለውን ነገር፣ አንድ ቦታ ከዜሮው መስመር ስንት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንደሆነ የሚናገረውን፣ ትምህርት ቤት ሸምድጄዋለሁ። ከፈተና በኋላ ረሳሁት። ያን ማታ ቡናው ሲቀዳ ግን ስልኬን አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች። ይህ በሰዓት 15 ዲግሪ ነው፣ ለአንድ ዲግሪ ደግሞ 4 ደቂቃ። አዲስ አበባ 38 ዲግሪ ከ45 ላይ ናት፣ ጅማ 36 ዲግሪ ከ50 ላይ። ልዩነቱ ሁለት ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በ4 ሲባዛ ሰባት ደቂቃ ተኩል ያህል። ማዘር ያለ ካልኩሌተር የሚያውቁትን እኔ በስልክ ደረስኩበት።

ሐረር ላይማ ከጅማ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀድመው ነው የሚያፈጥሩት። ይህን ስናገር ልጁ ቀና ብሎ «ታዲያ ለምን እዚያ አንኖርም?» አለ።

የሁላችንም ሰዓት ግን አንድ ነው። ምክንያቱም አገሪቱ የምትቆጥረው በ45 ዲግሪ መስመር ነው። ያ መስመር የሚያልፈው ወዲያ ምሥራቅ፣ ሶማሌ ክልል ውስጥ ነው። እዚያ በአማካይ ልክ 6 ሰዓት ላይ ቀትር ይሆናል። ጅማ ከግማሽ ሰዓት በላይ ትዘገያለች። «በትክክለኛ ሰዓት» የሚሉት ነገር ለጅማ ሰው ትንሽ የተበደረው ነው።

በማግስቱ ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። የእንጨት ሥራውን አይቼ አልጠገብኩም። ነገር ግን ሐሳቤ አሁንም መስመሮቹ ላይ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት በፈረንጆቹ 1878 ነው። እሳቸው በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ በጥቅምት 1884፣ ዋሽንግተን ላይ የ25 አገሮች ተወካዮች ተሰብስበው «የምድር ዜሮ መስመር የት ይሁን?» ብለው ድምፅ ሰጡ። 22ቱ የለንደኗ ግሪንዊች ትሁን አሉ። ሳን ዶሚንጎ፣ የዛሬዋ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ተቃወመች። ፈረንሳይና ብራዚል ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ፈረንሳይ የፓሪሷን መስመር ይዛ እስከ 1911 ቆይታለች። ግትርነቷን ወድጄላታለሁ።

የምድር ወገብ እንዲህ ያለ ስብሰባ አላስፈለገውም። ምድር ስለምትሽከረከር ሰሜንና ደቡብ በራሳቸው ይለያሉ። ምሥራቅና ምዕራብ ግን መጀመሪያ የላቸውም። ከዋልታ እስከ ዋልታ የሚወርደው የትኛውም መስመር መነሻ መሆን ይችላል። አንድ መስመር ብቻውን ደግሞ ምድርን ለሁለት አይከፍልም። ብርቱካን በአንድ ጎን ቢላ ብታሳርፍበት ተጫረ እንጂ አልተከፈለም። ቢላው በወዲያኛው ጎንም መዞር አለበት። የግሪንዊች ወዲያኛው ጎን 180 ዲግሪ ነው፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ። ሁለቱ መስመሮች ሲገጥሙ ነው ምሥራቅና ምዕራብ ንፍቀ ክበብ የሚባሉት የሚወጡት። የግሪንዊቹ መስመር ጋና ውስጥ በቴማ ወደብ ስለሚያልፍ አፍሪካንም ለሁለት ይከፍላታል። ይህን ያልወደዱ ካርታ ሠሪዎች ቆረጣውን ወደ 20 ዲግሪ ምዕራብ ያሸሹበት ጊዜ አለ። ስምምነት ነዋ፣ ይሸሻል።

«እስቲ ዜሮው እዚህ ይሁን» አልኩት ለጓደኛዬ፣ መሬቱን በእግሬ እየጫርኩ። አዲስ አበባ፣ ሐረር፣ ሕንድ፣ ጃፓን ምሥራቅ ሆኑ። ጋምቤላ፣ ካርቱም፣ ራሷ ለንደን ምዕራብ። ነቀምት ለጥቂት ወደ ምዕራብ ወደቀች። ነይሮቢ ግን ልክ መስመሩ ላይ ናት። ከጅማ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ ቢወረድ እሷ ጋ ያደርሳል። ይህን እኔም አላውቅም ነበር።

ቀኑ ሚያዝያ 1 ነው። በዚህ ሰሞን ፀሐይ ጅማ ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሆናል፣ ሌላው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ሃይላንዴን አውጥቼ ዝርግ ድንጋይ ላይ አቆምኳት። ጓደኛዬ ጾመኛ ስለሆነ አፉ ላይ መጠጣቱን አፍሬ ነበር፣ ለጥላ ማውጣት ግን ነውር የለውም።

6 ሰዓት ከ20 ላይ ቀጭን ጥላ ወደ ምዕራብ ወጥታለች። ከዚያ ደመና መጣ። ጠፋ በቃ አልኩ። ሁለት ጎብኚዎች ድንጋይ ላይ ስለተቀመጠ ጠርሙስ ምን እያልን እንደሆነ ቆመው ያዩናል። 6 ሰዓት ከ31 ላይ ደመናው ተገለጠ። 6 ከ34 ላይ ጥላ የለም። ጠርሙሷ የራሷ ጥላ ላይ ቆማለች። ከዋልታ እስከ ዋልታ የሚወርደው መስመር ስም፣ ሜሪድያን የሚለው ቃል፣ በላቲን እኩለ ቀን ከሚለው የመጣ ነው። በዚያች ደቂቃ ነይሮቢም ቀትር ነው። ልዩነቱ፣ ፀሐይ እኛ አናት ላይ ስላለች የእነሱ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል።

ጥቂት ቆይቶ ከጠርሙሷ ሥር ክር የምታክል ጥላ ወደ ምሥራቅ ብቅ አለች።

«ዙህር ገባ» አለ ጓደኛዬ፣ የቀትሩ ሶላት ማለቱ ነው። «ለክተህ ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

ጠርሙሷን አነሳና እጅጌውን ጠቅልሎ ውዱእ አደረገባት። ጠብታ አልተረፈኝም።