ስሙን የተነጠቀው ድንች

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ብሎታል። የጦሳ ጉም ወርዶ ደሴን ውጧታል፤ የማዶው ቤት እንኳ አይታይም። እንዲህ ሲሆን እጄን ሥራ ካላስያዝኩት አይሆንልኝም። ድንች ልልጥ ቁጭ አልኩ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ጥፍር ውስጥ ይገባል። እትዬ ከጓዳ ሆና «ልጣጩን አታወፍሪው» ትላለች።

ቆይ፣ ድንች ለምን ድንች ተባለ?

ይሄ የምንልጠው የሩቅ አገር ልጅ ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ ነው፤ እዚያ «ፓፓ» ይሉታል። ወደ እኛ ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1858 ግድም። ስሙ ግን የራሳችን ነው፤ በኦሮምኛም ዲኒቻ ነው። ባለቤትም ነበረው። ዛሬ የወላይታ ድንች ወይም የኦሮሞ ድንች የምንለው፣ እንደ ጣት ረዘም ያለው ነው። ሁለቱ ዘመድ እንኳ አይደሉም። የእኛው የበሶብላ ወገን ነው፤ መጤው የቲማቲምና የቃሪያ።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በእኛ አገር ቅጽል የሚለጠፈው በመጤው ላይ ነው። የፈረንጅ ዶሮ፣ የፈረንጅ ላም እንላለን። ጎመን እንኳ ስሙን አላስነጠቀም፤ በኋላ የመጣው ነው «ጥቅል ጎመን» የተባለው። ድንች ላይ ሲደርስ ተገለበጠ። እንግዳው ድንች ተብሎ ቀረ፣ ባለቤቱ «የእገሌ አገር ድንች» ሆነ።

ግን ደግሞ አልፈርድበትም። መጤው በገበሬው ዘንድ የተስፋፋው ከክፉ ቀን፣ ከ1880ዎቹ ታላቅ ረሃብ ወዲህ ነው ይባላል። ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ክፉ ቀን ምን እንደሆነ ይገባዋል። በዚያን ጊዜ ሆድ የሞላ ነገር የፈለገውን ስም ቢወስድ ማን ይከለክለዋል?

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። ሺምፐር የኖረው ሰሜን፣ ትግራይ ውስጥ ነው። የጥንቱ ድንች የሚበቅለው ደቡብና ምዕራብ ነው። ታዲያ ስሙና ተክሉ የት ተገናኙ? አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ መደብ ላይ ከሚሸጡበት እንደ ባቲ ካለ ገበያ ይሆን? አንዲት ሴት የማታውቀውን ነገር አንስታ፣ አገላብጣ አይታ፣ «ይሄማ ድንች ነው» ብላ ይሆናል። በየትኛው ቋንቋ ይሆን ያለችው?