ሙዙ ንጹህ ነው፣ ጎደሬው ግን...

ሰላም ናችሁ፣ ከጠፋሁ ቆየሁ አይደል። ስራ በዝቶ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሻቶ ሩዥ ገበያ (ፓሪስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ አፍሪካ ደርሶ መልስ በሉት) ስዞር ጎደሬ አየሁ። ጎደሬ አይቶ ማለፍ ደግሞ ለአርባ ምንጭ ልጅ አይሆንለትም፣ ሁለት ኪሎ ገዛሁና ሰኞ ወደ ስራ ይዤው ሄድኩ፣ ቀቅዬ በዳጣ ላበላቸው ብዬ። ኪችን አብራኝ የምትሰራ የማርቲኒክ ሴትዮ አለች፣ ከፌስታሉ ሳወጣው "ዳሺን!" ብላ ጮኸች። እነሱ ጋ ጎደሬ ዳሺን ነው የሚባለው፣ እኔ ቢራው ነው የመጣብኝ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዛ ግን አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችውና "ከየት የመጣ ነው?" አለችኝ። ከኛ ደሴት ከሆነ የማን ማሳ ላይ እንደበቀለ ሳላውቅ አልበላም አለች። ኮስተር ብላ ነው ያለችው፣ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ታሪኩን ድንች እየላጥን ነገረችኝ፣ ቤት ስገባ ደግሞ እኔም እስከ ሌሊት ሳነብ አመሸሁ። ማርቲኒክና ጓደሉፕ ካሪቢያን ባህር ላይ ያሉ የፈረንሳይ ደሴቶች ናቸው፣ ለአውሮፓ ብዙ ሙዝ ይልካሉ። ሙዙን ከስሩ እየቦረቦረ የሚጥል ጥንዚዛ አለ፣ ለሱ ተብሎ በ1972 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ክሎርዴኮን የሚባል ዱቄት ተፈቀደ። በ1975 አሜሪካ ውስጥ፣ ቨርጂኒያ፣ ይሄንኑ ነገር የሚያመርት ፋብሪካ ሰራተኞቹ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ተዘጋ፣ ቆሻሻው የገባበት የጄምስ ወንዝም አሳ እንዳይጠመድበት ለዓመታት ተከለከለ። አሜሪካ እንዲህ ሆኖ እያለ ደሴቶቹ ላይ ግን መርጨቱ ቀጠለ። ፈረንሳይ ራሷ በ1990 ከለከለችው፣ ለሙዝ አምራቾቹ ግን እስከ 1993 ድረስ በልዩ ፈቃድ ተራዘመላቸው። እዚህ ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ተራመድኩ።

የሴትየዋ አባት ዱቄቱን በባልዲ ይዞ በባዶ እጁ ከእያንዳንዱ ሙዝ ስር ይበትን ነበር፣ ማታ ሲመለስ እናቷ ልብሱን ከልጆቹ ልብስ ጋር አንድ ላይ ታጥበዋለች። ሰራተኞቹ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፣ በ1974 ማርቲኒክ ላይ አድማ ሲመቱ ከጥያቄያቸው አንዱ ይሄ ነገር ይቁምልን የሚል ነበር፣ ጥይት ተተኮሰባቸው፣ ሰው ሞተ።

አሁን እዛ ካሉ አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ ደማቸው ውስጥ ክሎርዴኮን አለ። የፕሮስቴት ካንሰር በዓለም ላይ በጣም ከበዛባቸው ቦታዎች መሃል ናቸው፣ በ2021 ፈረንሳይ በሽታው ለእርሻ ሰራተኞች ከስራ የመጣ ተብሎ እንዲመዘገብ ፈቀደች፣ በ2023 ደግሞ ዳኞች በመርዙ ጉዳይ ቀርቦ የነበረውን ክስ ማንንም ተጠያቂ ሳያደርጉ ዘጉት። መሬቱን በተመለከተ ቦታ ቦታው ላይ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል ነው የሚሉት።

ለኔ ግን ከሁሉም የከበደኝ ሌላ ነው። ሙዙ ንጹህ ነው! መርዙ ከስር ወደ ፍሬው አይወጣም፣ ስለዚህ አውሮፓ የተላከው ሙዝ ምንም የለበትም፣ እኔም ጠዋት ጠዋት ባቡር ላይ የምበላው ማለት ነው። አፈር ውስጥ ያለው ነው የሚስበው፣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ቦዬ፣ ማለትም ሰውየው ለልጆቹ ጓሮው ውስጥ የሚተክለው። አፈር የምትጭረው ዶሮም እንቁላሏ ውስጥ ይገባል፣ ዝናቡ ወደ ባህር ያወርደውና አሳውም ይበከላል። እኛ ፍራፍሬ አጥቡ፣ ላጡ፣ ኮምጣጤ ምናምን ውስጥ ዘፍዝፉ እያልን ቲክቶክ ላይ ስንመካከር መርዙ የቀረው ያመረተው ሰውዬ ጓሮ ነው።

ያኔ ነው አጎቴ ትዝ ያለኝ።

አጎቴ አርባ ምንጭ አጠገብ ላንቴ አካባቢ ሙዝ አለው፣ ከሙዙ ስር ጎደሬ፣ ዳር ዳሩን ማንጎ። ሙዙ ላይ ምንም አይረጭም፣ ችግሩ ማንጎው ነው። ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ተባይ መጥቷል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በፈረንጆቹ 2010 ምስራቅ ወለጋ ላይ ነው መጀመሪያ የታየው፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ሮዝ ጠባሳ ይተዋል፣ ነጋዴው ደግሞ ጠባሳ ያለበትን አይቶ "ይሄ ለበሬ ነው" ብሎት ይሄዳል። አምና ሀገር ቤት ስሄድ ሲረጭ ደረስኩ። መድኃኒቱን (እኛ ጋ እኮ መርዝ የሚለው የለም፣ መድኃኒት ነው) ከከተማ በሃይላንድ ተቀድቶ ነው የገዛው፣ ወረቀት የለው ስም የለው፣ ሻጩ "ሁለት ክዳን" ብሎታል፣ አጎቴ ግን ማንጎው ትልቅ ነው ብሎ አራት አደረገው። በእንጨት አማሰለና መርጫውን አዘለ። ማንጎው አያቴ የተከለው ነው፣ ከቤቱ ጣራ በላይ ነው፣ መርጫው ግማሹ ጋ እንኳን አይደርስም፣ ወደ ላይ የረጨው ተመልሶ ፊቱ ላይ፣ ጎደሬው ላይ፣ ከሀሬ ወንዝ የሚመጣው የመስኖ ቦይ ላይ ይወርዳል። ቦዩ ጫፉ አባያ ነው። ማታ ራሱን ያዘው፣ ላቡ በላብ ሆነ፣ ምራቁን ይተፋል፣ እኛ ፀሐይ ነው ብለን ወተት አጠጣነው፣ ወተት ደግሞ ለዚህ ምንም እንደማይሰራ በኋላ ነው የሰማሁት። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጠመው ሰው ልብሱ ወልቆ፣ ገላው በሳሙና ታጥቦ ከነጠርሙሱ ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለበት፣ ጠርሙሱ ግን ስም ከሌለው ሐኪሙስ ምን ያንብብ? ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ አዋጅ 674/2002 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፣ ሃይላንዱም ገበያ ላይ አለ።

ማክሰኞ ደወልኩለትና የማርቲኒክን ነገር ነገርኩት። "እነሱ የፈረንሳይ ናቸው፣ እኛ ይቺን ጠብታ ረጭተን ምን ልንሆን ነው" አለኝ። በከፊል እውነቱን ነው፣ ክሎርዴኮን እኛ ጋ ተረጨ ሲባል አልሰማሁም፣ አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ አፈር ውስጥ ቶሎ የሚበሰብሱ ናቸው፣ ግን የሚረጨውን ሰው ለመጣል ያን ያህል አይቆዩም አልኩት፣ ያቺን ማታ አስታወስኩት፣ ዝም አለ። ተባዩ ደግሞ ጀርባው ላይ ሰም የመሰለ ሽፋን ስላለው እንዲሁ ከታች ረጭተህ ብዙም አትነካውም፣ የተጣበበውን ቅርንጫፍ ቆርጠህ ዛፉን አሳጥረህ ብርሃንና አየር አስገባለት አልኩት። "የአባቴን ዛፍ?" አለኝ። በዚሁ ተለያየን።

ትናንት በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ፣ አንዱን ማንጎ ግማሽ አድርጎታል፣ ቅርንጫፉ መሬት ላይ ተከምሯል፣ ከኋላ አክስቴ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ከስር "እናንተ ስትመጡ የምትቀመጡበት ጥላ የለም፣ እሷ አኩርፋለች" ብሎ ጽፏል።