ከቀይ መጋዘኖች ሰፈር፣ መልካም ገና

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

የዘንድሮው የገና መልእክቴ ስለ አንድ የወደብ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ያለው ሰሜን ጀርመን፣ ሃምቡርግ ከተማ፣ ኤልበ ወንዝ ዳር ነው። ሽፓይኸርሽታት ይባላል። በቀይ ጡብ የተሠሩ ረጃጅም መጋዘኖች በውሃ ቦዮች ዳርና ዳር ተደርድረው ቆመዋል። ገና ሲደርስ ይህ ሰፈር ትዝ የሚለኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ቡናው፣ ሻዩ፣ ካካዎው፣ ቅመማ ቅመሙ፣ የጀርመንን የበዓል ቤት በመዓዛው የሚያውደው ነገር ሁሉ ከመርከብ ወርዶ እዚህ ሲያድር ኖሯል።

ሃምቡርግ ንግዷን ለረጅም ዘመን በራሷ ሕግ የመራች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1888 ወደ ጀርመን የጉምሩክ ክልል ስትገባ ነጋዴዎቿ አንድ ነገር አልለቅም አሉ፤ ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት የሚራገፍበትና የሚቀመጥበት ነጻ ወደብ። ነጻ ወደብ ደግሞ መጋዘን ይፈልጋል። ግንባታው በ1883 ተጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል በ1888 የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም በተገኙበት ተመረቀ። ሁሉም ተሠርቶ ያለቀው ግን በ1927 ነው። መሬቱ ረግረግ ስለሆነ ሕንጻዎቹን የተሸከሙት ወደ ታች የተተከሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የእንጨት ምሰሶዎች ናቸው።

አሠራሩ ሁሌም ይገርመኛል። እያንዳንዱ መጋዘን ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ መንገድ፣ ሌላው ወደ ውሃ። ዕቃው በጀልባ ይመጣል፤ ከጣሪያው ሥር የተገጠመው ማንሻ ጆንያውን ከጀልባው ላይ አንስቶ ወደሚፈለገው ፎቅ ያስገባዋል። ወፍራሙ ግንብ በጋም ክረምትም ሙቀቱ ብዙ እንዳይለዋወጥ ስለሚያደርግ ቡናና ቅመም አይበላሽም። ሃምቡርግ ከባሕር ራቅ ትላለች፤ ግን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ወንዙን ይዞ እስከ ቦዮቹ ድረስ ይደርሳል። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ሲጎድል ጭቃው ይታያል፣ ጀልባም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ጀልባው ወደ መጋዘኑ የሚቀርበው ውሃው በፈቀደለት ሰዓት ነበር።

ይህን ውበት ብቻ አውርቼ ባልፍ ግን ሰፈሩን በቅጡ አላወቅኩትም ማለት ነው። መጋዘኖቹ የተሠሩት ባዶ ቦታ ላይ አይደለም። እዚያ ሰው ይኖር ነበር። በአንዱ በኩል የወደብ ሠራተኞች ተጨናንቀው የሚኖሩባቸው ጠባብ ቤቶች፣ በሌላው በኩል የሀብታም ነጋዴዎች ያማሩ የድሮ ቤቶች ነበሩ። ሁሉም ፈረሱ። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ተነሣ። ምትክ ቤት የሠራለት አልነበረም፤ እያንዳንዱ የራሱን መጠጊያ ፈለገ። ወዛደሩ ከሥራው መራቅ ስለማይችል ብዙው በቀሩት የድሃ ሰፈሮች ተጠጋጋ። ከምረቃው አራት ዓመት በኋላ፣ በ1892፣ ኮሌራ ገባ። ከተማዋ የምትጠጣው ያልተጣራ የኤልበን ውሃ ነበርና ከ8,000 በላይ ሰው አለቀ። ከሁሉም የባሰ የተጎዳው ድሃው ነው።

ከዚህ ሰፈር ሰዎች ሁሉ ልቤን የሚነኩኝ ቡና ለቃሚዎቹ ሴቶች ናቸው። ጥሬው ቡና ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት የተሰበረውንና የጠቆረውን ፍሬ በእጃቸው ይለቅሙ ነበር። ቀኑን ሙሉ፣ አንድ በአንድ። የነጋዴዎቹ ስም በአንዳንዱ ሕንጻ በር ላይ ተጽፎ ይነበባል። የለቃሚዎቹ ስም የተጻፈበት በር የለም። እኛ አገር ለውጭ ገበያ የሚላከውን ቡና የሚለቅሙ እናቶችን የምታውቁ፣ ስለ ምን እንደማወራ ይገባችኋል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰፈሩን ግማሽ ያህል አወደመው። ቨርነር ካልሞርገን የተባለ አርክቴክት መልሶ የመገንባቱን ሥራ መራ፤ እስከ 1967 ድረስ ቆየ። የቀድሞውን መልክ እንዳለ ለመቅዳት አልሞከረም። የተረፈውን ጠገነ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አስማማ። ለእኔ ትልቅ ጥበብ ነው። ከዚያ ኮንቴነር መጣና ጆንያ የሚያነሳው ጠፋ። ምንጣፍ ነጋዴዎች ብዙ ቆዩ፤ ሙዚየሞችና ቢሮዎች ገቡ። በ2015 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። አጠገቡ ደግሞ ካካዎ ይከማችበት የነበረ መጋዘን ግድግዳው ሳይፈርስ በላዩ የሙዚቃ አዳራሽ ተሠራበት፤ በ2017 ተከፈተ። ምነው ሁሉም ከተማ አሮጌውን እንዲህ በትከሻው ላይ አድርጎ ማደግ ቢችል እላለሁ።

እናንተ ወዳጆቼ፣ በዓሉን ሥራ ላይ ሆናችሁ የምታሳልፉ፣ መርከብ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ሆስፒታል፣ ጥበቃ ላይ ያላችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ሰፈራችሁ ፈርሶ ዘንድሮ ገናን በአዲስ ቤት፣ ገና ስማቸውን ካላወቃችኋቸው ጎረቤቶች ጋር የምታከብሩ፣ እናንተንም እንኳን አደረሳችሁ። የድሮ ጎረቤቶቻችሁ ስልክ ካለ ዛሬ ደውሉላቸው። እኔም የምደውልላቸው አሉ።

መልካም ገና!